ጆሮው ያልተቆረጠ ውሻ

ባጫ ዶሪ በመቱ የሚታወቀው በውሻ ነው። ከነጻነት በኋላ የቡና ንግድ ሞቅ ሲል ነጋዴው ሁሉ የቆርቆሮ መጋዘን ሠራ፤ መጋዘኑን ከሌባ የሚጠብቅ ውሻ ደግሞ ፈለገ። ያን ውሻ አሳድጎ የሚያስረክበው ባጫ ነበር። ከሶር ወንዝ ማዶ ያሉ ገበሬዎች በቆሏቸውን ከዝንጀሮ የሚያስጠብቁባቸው ትልልቅ ውሾች አሏቸው። ባጫ በእግሩ ሄዶ ቡችላ ይመርጥና በጋቢው ጠቅልሎ ያመጣል፤ ያሳድገዋል፤ ከዚያም ክፉ ያደርገዋል። «ውሻ ሲወለድ ደግ ነው፤ ክፋቱን የማስተምረው እኔ ነኝ» እያለ ይኩራራ ነበር።

የእሱንና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ የቀርከሃ አጥር ስለሆነ አሠራሩን አውቀዋለሁ። ቡችላው ሁለት ወር ሲሞላው ጆሮውን በምላጭ ይቆርጠዋል። ቀን ቀን ጨለማ ጎጆ ውስጥ ያስረዋል። ሥጋ ሲሰጠው በርበሬ ይነሰንስበታል። ይህን ሁሉ ሌላውም ሰው ያደርገዋል። የባጫ የብቻው ጥበብ የእጅ ትምህርቱ ነበር። አንድ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ክንዱን በጆንያ ይጠቀልልና በቀዳዳው ያስገባል፤ ልክ ሰላም እንደሚል ሰው እጁን ዘርግቶ ቡችላውን ይጠራዋል፤ ሲቀርብለት አፍንጫውን ይመታዋል። በማግስቱም እንዲሁ። ቡችላው ተናዶ እጁን የነከሰ ቀን ባጫ ትልቅ ሙዳ ሥጋ ይወረውርለታል። ስድስት ወር ሲሆነው ያ ውሻ የተዘረጋ እጅ ሁሉ የሌባ እጅ ነው ብሎ ያምናል። ከመቱ እስከ ጎሬ የባጫ ውሻ ባለበት መጋዘን እጁን የሚያስገባ ሌባ አልነበረም።

ባጫ ዋሪቱ የምትባል እህት ነበረችው። በሁለት ዓመት ታንሰዋለች። ከሁሩሙ ገበሬዎች ማር ገዝታ መቱ የምትሸጥ፣ ሳቋ ከገበያው ጫፍ የሚሰማ ሴት እንደነበረች የሚያስታውሱ አሉ። በሃያ ስምንት ዓመቷ ፈንጣጣ ያዛትና ሁለቱንም ዓይኖቿን ወሰደባት። ባሏ ወደ ወንድሟ ቤት መለሳት። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት የባጫ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ፣ ጎረቤት ለመጠየቅ፣ ከጓሮ ለመድረስ እንኳ ሰው መለመን አለባት። ሁሉም እሺ ይላታል። ቢሆንም ሲመቸው ነው የሚወስዳት፤ ሲቸኩልም ነው የሚመልሳት። የባጫ ሚስት ዲሪቤ ለእናቴ ስትነግራት እንደሰማሁት፣ ዋሪቱ አንድ ቀን ሙሉ በቤቱ ውስጥ «እባክሽ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለች ስትቆጥር ውላ ማታ አልቅሳለች።

በአርባዎቹ ማለቂያ ላይ ባጫ እህቱን አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ አይቷት ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም ተነሥተው ሊወጡ ሲሉ ግን ምን እንደታየው እንጃ፣ ከጠረጴዛው ላይ መጽሔት አነሣና አንድ ሥዕል ለባጫ አሳየው። ባጫ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው። ሐኪሙ ገጹን ቀድዶ ሰጠው። ጂማን አልፈው በደሌ እስኪደርሱ፣ የጭነት መኪናው ላይ ዋሪቱ ስለዚያ ወረቀት ትጠይቀው ነበር።

«ምን አለበት ሥዕሉ?»

«ውሻ ነው።»

«ውሻማ አንተ ቤት ሞልቶ የለ።»

«ይኼኛው ሰው ይመራል። ሰውየው እንዳንቺ ማየት አይችልም። ባርኔጣ አድርጓል፣ ካፖርት ለብሷል፣ ጫማው...»

«ጫማውን ተወው፤ ማነው የያዘው?»

«ማንም አልያዘውም። ውሻው ነው የሚመራው።»

መኪናው አንድ ዳገት ጨርሶ ሌላ ዳገት ሲጀምር፣ «ማንም?» አለች ዋሪቱ እንደገና።

ባጫ መቱ እንደገባ ሳምንት ሳይቆይ ወደ ሶር ወረደ። ከአምስት ቡችላዎች አንዱን የመረጠበት መንገድ የድሮው አልነበረም። የድሮው፣ መጀመሪያ የተናከሰውን ማንሣት ነበር። ያን ቀን ግን አንድ የብረት ሳህን መሬት ላይ ጣለ፤ አምስቱም ሸሹ። ሳህኑ ምን እንደሆነ ለማየት አንዱ ተመልሶ መጣና አሸተተው። ያን ይዞ መጣ። ቀይ ዳማ ስለነበር ስሙን ዳማ አሉት።

ሁለት ወር ሞላው፤ ባጫ ምላጩን አላወጣም። ሦስት ወር፣ አራት ወር ሆነው፤ ዳማ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎቹን እያንጠለጠለ በባጫ ኋላ መንገድ ላይ ሲታይ ሰው መሳቂያ አደረገው።

«ባጫ፣ ምላጭህ ዶለዶመ እንዴ?»

«የዚህ ጆሮ ሊሰማበት ነው።»

«የሌሎቹስ ምን ሊያደርጉበት ኖሯል?»

ማስተማሩ ከሥዕሉ በቀር መምህር አልነበረውም። ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው በፈረንጅ ቋንቋ ነው፤ እሱ ደግሞ አማርኛውንም በጭንቅ ነበር የሚያነበው። በሥዕሉ እንዳየው፣ ውሻው የሚታጠቀውን ጠፍር ከላም ቆዳ ቆረጠ፤ ሰው የሚይዘውን እጀታ እሳት ላይ ከተለመጠ የቡና እንጨት ሠራ። ከዚያ ዓይኑን በፎጣ አስሮ፣ እጀታውን ይዞ ከተማ ወጣ። መጀመሪያ ቀን ቦይ ውስጥ ወደቀ፤ በሁለተኛው ቀን ከሴቶች መካከል ገብቶ እንስራ ሰበረ።

«እትዬ ዲሪቤ፣ ባልሽ በስተርጅና ድብብቆሽ ጀምሯል!» ብለው ከአጥር ውጭ ጮኹ ሴቶቹ።

«ስታገኙት እንዳታመጡብኝ፤ እዚያው ተደብቆ ይክረም!» አለች ዲሪቤ።

ሲወድቅ ሲነሣ ብዙ ነገር ገባው። ውሻ የሚመርጠው ለራሱ የሚበቃውን መንገድ ነው፤ ከላዩ ሰው እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህ በዝቅተኛ የዛፍ ቅርንጫፍ ሥር ሾልኮ ሲያልፍ ባጫ ግንባሩን ተፈነከተ። በቀርከሃ የሰው ቁመትና ወርድ ያለው ነገር ሠርቶ ጠፍሩ ላይ አሰረለት፤ ቀርከሃው ምንም ሳይነካ ያለፈ ቀን ያሞግሰዋል፣ ሥጋ ያጎርሰዋል። ከሁሉ የከበደው ቦይ ላይ መቆሙ ነበር። መቱ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት፤ በየመንገዱ ዳር ቦይ አለ። ዳማ ቦይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ የያዘውም ሰው በእግሩ ፈልጎ እስኪያገኘው እንዳይነቃነቅ ለማስተማር አንድ ክረምት ፈጀ። መምታት የለመደ የባጫ እጅ አንድም ቀን ዳማን አልመታም። በርበሬም አልሰጠውም። አልታሰረም፤ ቤት ውስጥ ከዋሪቱ እግር ሥር ነበር የሚተኛው። «ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን እየፈታሁ ነው» ይል ነበር ባጫ።

ዳማ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ ማለዳ ባጫ እህቱን ከበረንዳው አስነሥቶ እጀታውን በግራ እጇ አስያዛት። እስከ ጋሼ ሱሌማን ሱቅ ድረስ እንድትሄድ ተነጋገሩ። ባጫ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተላት። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ባጫ ኮ» አለች። በኦሮምኛ የእኔ ባጫ ማለቷ ነው፤ ስታቆላምጠው እንዲህ ነበር የምትለው። «ጫማህ ይሰማኛል። ተመለስ።»

«ዛሬ እንኳ ልከተልሽ።»

«ተመለስ አልኩህ። የሚከተለኝ ሰው ካለ ይኼ ውሻ ምን ያደርግልኛል?»

ባጫ ተመለሰና በረንዳው ላይ፣ ስድስት ዓመት እሷ በተቀመጠችበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዋሪቱ በነጠላዋ ጫፍ ስኳር ቋጥራ መጣች። ያን ቀን ባጫ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ አልተደበቀም።

በእኛ አገር የዓይነ ስውር ሰላምታ በእጅ ነው። ከሩቅ ድምፅ አሰምቶ ማለፍ እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ሰው ቀርቦ የዋሪቱን እጅ በሁለት እጁ ይይዝና፣ «ማነኝ?» ይላታል፤ ካወቀችው ይሳሳቃሉ። ሱቁ መንገዱ ዳር የሆነው ጋሼ ሱሌማን ይህን ሰላምታ አያስታጉልም። ሶላት የሚሰግድ ሰው ስለሆነ ውሻ እንዲነካው አይፈልግም፤ ስለዚህ ከዋሪቱ ጋር ውል ገብተው ነበር።

«ዋሪቱ፣ ያ ጓደኛሽ በግራ ይቁም፤ እኔ በቀኝ እመጣለሁ።»

«በግራ ነው ጋሼ፤ ቦታውን ያውቃል።»

«ከአንዳንድ ሰው ይሻላል። ማነኝ?»

«ሚዛኑ የሚያጭበረብር ሰው።»

«አላህ ይይልሽ!» ይላል፣ እጇን ይዞ እየሳቀ። ዳማ ይህ ሁሉ ሲሆን በግራዋ ተቀምጦ መንገዱን ያያል።

በዚያ ዓመት ዋሪቱ ወደ ማር ንግዷ ተመለሰች። ዳማ እየመራት ከገበያተኛ ጋር እስከ ሁሩሙ ትሄዳለች፤ የየትኛው አበባ ማር እንደሆነ በአፍንጫዋና በምላሷ ለይታ ስትናገር ገበሬዎቹ ይደነቃሉ። እሑድ ዳማ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ይቆማል፤ ውሻ ቅጥር አይገባምና ከዋርካው ሥር ተኝቶ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይጠብቃታል። ወሬው ተሰማ። ከጎሬ አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ ሰው ልከው አንድ ውሻ እንዲያስተምርላቸው ባጫን ለመኑት። ከሁሩሙም በዳሳ የሚባል ዓይኑ የጠፋ ገበሬ ለዚሁ መጣ። ባጫ ለሁለቱም ቃል ገባ፤ ከሶር ሁለት ቡችላ አመጣ፤ ምላጩንም ጣራው ስንጥቅ ውስጥ ሰክቶ ተወው። መጋዘን ጠባቂ ውሻ የሚፈልጉትን «ያን ሥራ ትቻለሁ» ይላቸው ጀመር።

አምባዬ የሚባል ቡና ነጋዴ ነበር። የባጫን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሣው እሱ ስለሆነ ከባጫ ጋር አበልጅ ናቸው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ለባጫ በክፉ ቀን ደርሶለታል። በጥቅምት ማለቂያ፣ ቡናው መግባት ሲጀምር፣ የመጋዘኑ ውሻ ሞተበት። ወደ ባጫ መጣ።

«አበልጅ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው።»

«ይዘዙኝ አበልጄ።»

«ቡናው እስኪያልቅ ዳማን ማታ ማታ ስጠኝ። ጧት ጧት ይመለስልሃል። ቀን ለእህትህ፣ ማታ ለእኔ።»

«እሱኮ መጋዘን አያውቅም፤ ገር ነው።»

«ትልቅ ነው፤ ሲያዩት ይበቃል። እምቢ ትለኛለህ?»

አበልጅን እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ከዘመድ መጣላት ይብሳል። ባጫ እሺ አለ። ማታ ለዋሪቱ ሲነግራት እጇ የዳማ ራስ ላይ ነበር።

«ይኼ ውሻ ሥራው አንድ ነው ብለኸኝ አልነበረም?»

«ለጥቂት ወር ነው። አበልጄን እንዴት አድርጌ እምቢ ልበለው? ሰው ምን ይለኛል?»

ዋሪቱ እጇን ከውሻው ራስ ላይ አላነሣችም።

ዳማ መጋዘኑ ውስጥ ባደረ በሳምንቱ ሁለት ጆንያ ቡና ጠፋ። አምባዬ አልተቆጣም፤ ሳቀ። በገበያ መካከል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አበልጅ፣ ውሻህ ሌቦቹን እየመራ አስገብቷቸዋል መሰለኝ!» አለው። ሰውም ሳቀ። ባጫ ብዙ ተሳቆበታል፤ ዓይኑን አስሮ ቦይ ሲገባ የሳቁት አላስከፉትም። ይህኛው ግን በሙያው ነው። ከመቱ እስከ ጎሬ የእሱ ውሻ ባለበት እጁን የሚያስገባ አልነበረም ብዬ ከላይ ጽፌያለሁ። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ጆንያ ፈለገ።

ለዘጠኝ ቀን፣ አመሻሽ ላይ ዳማን መጋዘኑ ሲያደርስ፣ አንዱን ወዛደር ከአጥሩ ውጭ ያቆመው ነበር። ወዛደሩ በጆንያ የተጠቀለለ እጁን ይዘረጋል። ዳማ መጀመሪያ ላሰው። በሁለተኛው ቀን ሲመታ ምን እንዳጠፋ እንደሚጠይቅ ባጫን ዞሮ አየው። ይህን የነገረኝ ራሱ ባጫ ነው፤ «ዞሮ አየኝ» ሲል ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያቆማል። በዘጠነኛው ቀን ዳማ ነከሰ። ባጫም ሥጋውን ወረወረለት። ከዚያ ወዲያ ቡና አልጠፋም፤ አምባዬም በገበያ መካከል አመሰገነው። ቀን ቀን ዳማ እንደ ቀድሞው ዋሪቱን ይመራል። ጥቂት ዝምተኛ ሆነ እንጂ ቦዩ ጋ ይቆማል፣ ቅርንጫፉን ያዞራታል። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር በሰላም አለፉ። በእነዚያ ወራት ሱሌማን መካ ሄዶ ሱቁን የከፈቱት ልጆቹ ነበሩ፤ እነሱ ወጣቶች ስለሆኑ ከሩቅ ነው ሰላም የሚሏት። ሌላው ሰው ደግሞ የቡና ወቅት ስለሆነ ይቸኩላል። ባጫ ነገሩ ያለ ችግር ያለቀ መሰለው።

የካቲት ላይ፣ በገበያ ቀን ጧት፣ ሱሌማን ከመካ ተመልሶ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ዋሪቱን ሲያያት ደስ አለው።

«ዋሪቱ! ማነኝ?» ብሎ በቀኝ በኩል መጣ፤ ሁለት እጁን ዘረጋ።

ዳማ በዋሪቱ ጉልበት ፊት ዘልሎ የሱሌማንን ቀኝ የእጅ አንጓ ነከሰ። የነከሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለቀቀውና ተመልሶ በግራዋ ቆመ።

«እብድ ውሻ! እብድ ውሻ!» ተባለ። ድንጋይ ተወረወረ። ዋሪቱ «ምንድን ነው? ማነው የተጎዳው?» ትላለች፤ የሚመልስላት የለም። እጀታውን አልለቀቀችም። ድንጋይ ባረፈበት ቁጥር የዳማ ገላ ሲሸማቀቅ በእንጨቱ በኩል እጇ ላይ ይሰማት እንደነበር በኋላ ተናግራለች። ዳማ አልሮጠም። ድልድዩን አሻገራት። ከቤታቸው በፊት ያለው ቦይ ጋ ሲደርስ፣ ድንጋዩ ከኋላ እየመጣ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። እግሯ ቦዩን እስኪያገኝ ጠበቃት።

ባጫ ግቢው ውስጥ ሁለቱን ቡችላዎች እያበላ ነበር። ሰዉ ተከትሎ ደረሰ፤ አምባዬም አብሮ ነበር። ከሱሌማን ልጆች አንዱ አባቱ መድማቱን እየጮኸ ተናገረ። አምባዬ ወደ ባጫ ጠጋ ብሎ፣ «አበልጅ፣ አንድ ነገር አድርግ፤ ሰው እያየ ነው» አለው።

ባጫ ጠፍሩን ፈታለት። ጠፍር ሲወልቅ ለዳማ ሥራ አለቀ፣ ጨዋታ መጣ ማለት ነው፤ ጅራቱን እየቆላ ባጫን ተከትሎ ወደ ጓሮ ሄደ። ባጫ መጥረቢያውን ከግንዱ ላይ አንሥቶ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የክሊኒኩ ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ሳይክሉን እየገፋ መጣ።

«ውሻው የታል?»

«ተገላግለናል!» አሉ ሰዎቹ።

ድሬሰሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ማነው ያዘዛችሁ? አሥር ቀን አስራችሁ ብታቆዩት ኖሮ እናውቅ ነበር። በአሥር ቀን ካልታመመ ጤነኛ ነው፤ ሰውየውም መርፌ አያስፈልገውም ነበር። አሁን በምን ልወቅ?» አለ።

ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። ሱሌማንን በማግስቱ ልጆቹ ጎሬ ወስደው በአውሮፕላን አዲስ አበባ ላኩት፤ አሥራ አራት ቀን ሆዱ ላይ መርፌ ተወጋ።

ዋሪቱ በረንዳው ላይ ጠፍሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ባጫ እጁን ታጥቦ ሲመጣ በእግሩ ኮቴ አወቀችው።

«ነክሶ ሲያበቃ ተመልሶ በግራዬ ቆመ» አለች። «ያበደ ውሻ ቦታው ይመለሳል?»

ባጫ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ቤቴ ያመጣኝ እሱ ነው። ቦዩ ጋ ቆሟል።»

«ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር ዋሪቱ። የሱሌማን ልጅ እያለቀሰ፣ አበልጄ...»

«አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። አንተ የሚያይህን ሰው ሁሉ ታፍራለህ። አምባዬ ያይሃል፤ ታፍረዋለህ። ሱሌማን ያይሃል፤ ታፍረዋለህ። እኔ አላይህም። የረሳኸኝ ለዚህ ነው።»

ከዚያ ወዲያ «ባጫ ኮ» ብላ ስትጠራው አልሰማሁም።

በዚያው ሳምንት ባጫ ከጣራው ስንጥቅ ምላጩን አወጣ። የሁለቱ ቡችላዎች ጩኸት እስከ እኛ ቤት ተሰማ። ለምን እንዳደረገው ብዙ ቆይቼ ስጠይቀው፣ «እጄ ሌላ አያውቅም፤ ለዓይነ ስውር የማይታመን እጅ ነው» አለኝ። የጎሬው መሪጌታ ምንም አልሰሙ ኖሮ፣ ከፋሲካ በኋላ በሰው እየተመሩ ቡችላቸውን ሊያዩ መጡ። ባጫ አንዱን አቅርቦ አስያዛቸው። መሪጌታ አፍንጫውን ዳሰሱ፣ ግንባሩን ዳሰሱ፤ ጆሮው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አሃ» አሉ። ቡችላውን ቀስ አድርገው ለቀቁት። «እንግዲህ ቶሎ ካልተነሣን ይመሻል» አሉ አብሯቸው የመጣውን ሰው።

ሱሌማን የተመለሰው ቀጥታ ወደ ባጫ ቤት ነበር። እጁ ላይ ጠባሳ አለ። ባጫ ከእግሩ ሊወድቅ ሲል ያዘው።

«ተው ባጫ። እኔ ዓይኑን አይቼዋለሁ፤ አላበደም ነበር። ነክሶኝ የደነገጠው እሱ ነው። ልጆቼ ሲጮኹ ተዉት ልል ፈልጌ ነበር፤ ደሙ ድምፄን ወሰደው።»

ይህን የመሰለ ይቅርታ ለባጫ ከቅጣት የባሰ ሆነበት።

እንግሊዝኛዬ የተሻሻለ ዓመት ባጫ ያን የመጽሔት ገጽ አምጥቶ ሰጠኝ። በእጥፋቱ ላይ ተበጣጥሷል። ከመዝገበ ቃላት ጋር ሁለት ቀን ታግዬ አነበብኩለት። አብዛኛው ውሾቹ የሚያድጉበትን ቤት የሚያወድስ ነው፤ መጨረሻው አካባቢ ግን የሚመራ ውሻ ሌላ ሥራ እንደማይሰጠው የሚናገር አንድ መስመር ነበረ። ላነበው ወይስ ልዝለለው ብዬ አመነታሁ፤ አነበብኩት። ቀደም ብሎ አንድ ሰው አንብቦለት ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ፊቴን አይቶ ሳይሆን አይቀርም፣

«ተወው» አለኝ። «ባይጻፍም አውቀው ነበር። ለእሷም የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ዋሪቱ ሁለተኛ ውሻ አልጠየቀችም። ባጫ ግን ውሻ ማሳደጉን ጨርሶ ተወና እሷን የሚመራው ራሱ ሆነ። ያንኑ የቡና እንጨት እጀታ እሷ በአንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው ይይዙታል። በየጧቱ «ዛሬ ሥራ የለህም?» ትለዋለች፤ «የለኝም» ይላታል። ቢኖረው የምትመርጥ ይመስለኛል። ከእሱ ጋር ስትሄድ ሰው ሁሉ የሚያናግረው እሱን ነው፤ «እሷስ እንዴት ናት?» ይሉታል፣ አጠገቡ ቆማ።

አንድ ቀን ከቤታችን ፊት ያለው ቦይ ጋ ሲደርሱ እጀታውን ለቀቀችና ብቻዋን ሁለት እርምጃ ሄደች። ባጫ ደንግጦ ክንዷን ያዘና ሳባት።

«ዳማ ይቆም ነበር እንጂ አይጎትተኝም ነበር» አለችው።

ይኸው ዛሬም ከመስኮቴ አያቸዋለሁ። ባጫ ቦዩ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አይናገርም፤ አይስብም፤ እግሯ ቦዩን እስኪያገኝ ይጠብቃታል። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለውም ዓይኑን ከመንገዱ አያነሣም፤ አይመልስም። ሰላምታውን ለእሷ ይተወዋል።